ከባልደረባ እስከ አስጎብኚ፦ ደሴና ኮምቦልቻ እንግዳቸውን ሲያሳዩ

ደሴ ከተማ ከመሆኗ ከ360 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገር አንድ መነኩሴ የውጭ እንግዶችን እየመራ አለፈ። መነኩሴው ጸጋ ዘአብ ይባላል። እንግዶቹ የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1520 ምጽዋ ላይ ከመርከብ ወርደው ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ይጓዙ ነበር። ጸጋ ዘአብ መንገዱን ያሳያል፣ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ጓዛቸውን ከመንደር መንደር የሚያደርስ ሰው እንዲሰጠው የየመንደሩን ሹም ይጠይቃል፣ ሹሙ እምቢ ካለም ይጣላል።

ከእንግዶቹ አንዱ የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። ሐይቅ እስጢፋኖስን ጽፏል፤ በባሕሩ ውስጥ ጉማሬ መኖሩንም አልረሳም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ካየ በኋላ የሚያምነው እንደማይኖር ስለገባው፣ የጻፈው እውነት ለመሆኑ በእግዚአብሔር ስም ማለ። የነገሥታቱ ልጆች ተዘግተው ወደሚጠበቁባት አምባ ግሸን መንገድ ጠጋ ያሉ ጊዜ ግን የአካባቢው ሰው የተቀበላቸው በድንጋይ ነው። ወደዚያ አምባ ያለ ፈቃድ መቅረብ በሕይወት የሚያስጠይቅ ነገር ነበር።

የአልቫሬዝ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ጸጋ ዘአብም በበኩሉ የልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆኖ ወደ ፖርቱጋል ተሻግሮ ነበር፤ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት የጻፈውን ዳሚያኦ ደ ጎይስ የተባለው የፖርቱጋል ሊቅ ወደ ላቲን መልሶ በዚያው በ1540 አሳተመለት። መሪውና ተመሪው በአንድ ዓመት ለኅትመት በቁ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የመንገዱን ታሪክ የያዘው የአልቫሬዝ መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ እስከ ዛሬ ሲጠቀስ፣ እርሱን አገር ያሳየውን ሰው የሚያውቁት ተመራማሪዎች ብቻ ናቸው። በወሎ የጉብኝት ታሪክ ውስጥ ይህ ነገር ደጋግሞ ይመጣል። አገሩን የሚያሳየው የአገሩ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ብዕሩ ያለው ግን በአላፊው እጅ ነው።

ጸጋ ዘአብ የሠራው ሥራ በአገራችን የታወቀ ወግ ነው። ወደ ንጉሥ ወይም ወደ መኳንንት ደጅ የሚመጣ እንግዳ ባልደረባ ይሰጠዋል። ባልደረባው ጉዳዩን ያስፈጽምለታል፣ ከማን ጋር ምን እንደሚነጋገር ይነግረዋል፣ ከክፉም ይጠብቀዋል። ሕዝቡ በበኩሉ ከዚህ የተለየ የራሱ የጉዞ ሥርዓት ነበረው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ግማደ መስቀሉ አለበት ወደሚባለው፣ በመስቀል ቅርጽ ወደተዘረጋው የግሸን ማርያም አምባ ምእመናን ይተማሉ። ጉዞው ለምን እንደሚደረግና መስቀሉ እንዴት እንደመጣ የሚተርከው መጽሐፈ ጤፉት እዚያው ግሸን ላይ ይገኛል። ሙስሊሙም ለመውሊድና ለዝያራ ወደ ጀማ ንጉሥ፣ ወደ ዳና፣ ኮምቦልቻ አጠገብ ወዳለችው ወደ ጌታ ይሄዳል። ማን የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚሞላ፣ የትኛው ቤት ለመንገደኛ በሩን እንደማይዘጋ ሁሉም ከአባቱ ሰምቶ ያውቀዋል። እኔ የወሎ የመጀመሪያ የጉብኝት መምሪያ የምለው ይህንን ነው፤ ያልተጻፈ ሆነ እንጂ ሙሉ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት የመጡት አውሮፓውያን ያለ ባልደረባ መሄድ ምን እንደሚያስከትል በራሳቸው አይተውታል። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ወደ ሰሜን ሲጓዝ አዳራ ቢሌ የተባለው የወሎ ባላባት ደህና አድርጎ ተቀብሎት ነበር። መንገዱ ተዘግቶበት ሲመለስ ግን ያው ሰው ንብረቱን ሁሉ ገፈፈውና ክራፕፍ ባዶ እጁን፣ እየለመነ ምጽዋ ደረሰ። ከ25 ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘጋጅ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር የቀደሙትን መንገደኞች ጽሑፍ ሰብስቦ ስለ አበሻ መንገዶች አንድ መድበል ማሳተም ነበር። እነክራፕፍ ለሃይማኖት ብለው የጻፉት የመንገድ ማስታወሻ ለመድፍና ለዝሆን መንገድ መፈለጊያ ሆነ።

ደሴ እንደ ከተማ የምትነሣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከከተማዋ በስተሰሜን ባለው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሲያደርጉ፣ ከወሎ መሪዎች አንዱ የነበሩት መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ። ዮሐንስ በ1875 ዓ.ም. ገደማ በጦሳ ተራራ ሥር ሰፍረው ቦታውን ደሴ ብለው ሰየሙት፤ ከተማ ያደረጓት ግን ራስ ሚካኤል ናቸው። ቤተ መንግሥታቸውን ሠሩ፣ መድኃኔዓለምን አሠሩ፣ አይጠየፍ የተባለውን ታላቅ የግብር አዳራሽ አቆሙ። በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑትም ደሴ ላይ ነው። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በዙፋኑ ላይ በነበሩበት በዚያ አጭር ጊዜ፣ አገሩን ለመረዳት የፈለገ የውጭ ሰው ሁሉ አዲስ አበባን ብቻ አይቶ መመለስ አይችልም ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ሲማረኩ የደሴ ታላቅነትም አብሮ ቀነሰ፤ አዳራሹ ግን እስከ ዛሬ ቆሞ አለ።

ጣሊያን ዓይኗን ከደሴ ላይ ያነሣችበት ጊዜ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1928 በተፈረመው የወዳጅነት ውል ውስጥ ከአሰብ እስከ ደሴ የሚደርስ የመኪና መንገድ ጉዳይ ተካቷል። መንገዱ ሸቀጥ ብቻ እንደማያመጣ የኢትዮጵያ መንግሥት ስለገባው ሥራውን አላፋጠነም። ፍርሃቱም እውነት ሆነ። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ማብቂያ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን ለመምራት ደሴ ሲገቡ የውጭ ጋዜጠኞችና ፎቶ አንሺዎች ተከትለዋቸው ነበር። ደሴን ለዓለም ያሳዩት ሥዕሎችም የመጡት ከእነርሱ ነው። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ አድቬንቲስቶች የሚያስተዳድሩት ሆስፒታልም አልቀረም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። የደሴን ስም በማያውቅ አገር ያለ ጋዜጣ አንባቢ ከተማዋን ያወቃት በእሳትና በጢስ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ደሴ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ደሴን በዝርዝር የሚያስጎበኝ መጽሐፍ ወጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብለን ልናየው የሚገባ መጽሐፍ ነው። ቱሪንግ ክለብ ይባል የነበረውና በፋሺስቶች ትእዛዝ ስሙን ኮንሶቻሲዮኔ ቱሪስቲካ ኢታሊያና ብሎ የለወጠው የጣሊያን የጉዞ ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ሚላኖ ላይ ስለ ጣሊያን ምሥራቅ አፍሪቃ ከ600 ገጽ በላይ የሆነ መምሪያ አሳተመ። ካርታ አለው፣ የከተሞች ፕላን አለው። መንገዱን እየቆራረጠ በኪሎ ሜትር ይመራል። ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ታላቅ መንገድ በደሴና በኮምቦልቻ ስለሚያልፍ ሁለቱም በቦታቸው ተቀምጠዋል። የት ይታደራል፣ የት ነዳጅ ይገኛል፣ ገበያው በየትኛው ቀን ይውላል፣ ከየትኛው ኮረብታ ላይ ምን ይታያል የሚለውን ለማወቅ ይህን ያህል የተዘጋጀ መጽሐፍ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሥራው የተዋጣለት ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ዛሬም የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የነበረውን የከተሞቻችንን አቀማመጥ ለማወቅ ሲፈልግ ይገልጠዋል። የተጻፈው ግን ለማን ነበር? አገሬው በገዛ ከተማው በዘር ተለይቶ እንዲኖር በሕግና በከተማ ፕላን ሲወሰን፣ መጽሐፉ አንባቢውን እንደ ባለቤት እጁን ይዞ ያንሸራሽራል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የሆነውን፣ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የደረሰውን ከእንዲህ ዓይነት መምሪያ የሚጠብቅ የለም። አንድ ከተማ ውብና ትክክለኛ ካርታ ተሠርቶለት፣ ነዋሪው ግን በካርታው ውስጥ እንደ ዛፍና እንደ ወንዝ ብቻ ሊታይ እንደሚችል የተማርኩት ከዚህ መጽሐፍ ነው።

በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪቃ ብርጌድና የኢትዮጵያ አርበኞች በኮምቦልቻ ኮረብቶች ላይ ጣሊያንን ተዋግተው ደሴን ያዙ። ከተማዋ ከዚያ ዘመን የወረሰችው መንገዱንና ፒያሳን ነው። ኮምቦልቻ በተለይ የዚያ መንገድ ልጅ ናት። ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ከአዲስ አበባ አስመራው መንገድ ጋር የሚገናኘው እዚያ ስለሆነ፣ የኢትዮጵያ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1940ዎቹ ከተቋቋመ በኋላ መንገዱ ሲጠገን ከተማዋ የሹፌሮች ማረፊያ ሆነች። የውጭ ቱሪስት ከመምጣቱ በፊት ስለ ኮምቦልቻ ምግብ ቤቶችና አልጋዎች ከማንም በላይ የሚያውቀው የአሰብ ከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አዲስ ረዳት ሥራ ሲጀምር የት እንደሚበላና የት እንደሚተኛ የሚማረው ከእርሱ ነበር።

በ1950ዎቹ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት ድርጅቱን ሲያቋቁሙ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የ13 ወር ፀጋ የሚለው መፈክር፣ ፖስተሩ፣ ብሮሹሩ፣ የሠለጠነ አስጎብኚ፣ የሆቴል ሰንሰለት ሁሉ ከእርሳቸው ጥረት የመጣ ነው። ያለ እርሳቸው ኢትዮጵያ በዓለም የጉዞ ካርታ ላይ ቦታ ባልኖራት ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። የታሪክ መስመር ተብሎ የተዘረጋው ጉዞ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን በአውሮፕላን የሚያያይዝ ነበር። ላሊበላ በዚያን ጊዜ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አንድ ክፍል ናት፤ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ደግሞ ደሴ ናት። ቱሪስቱ ወደ ወሎ እየመጣ የወሎን ከተማ በላይዋ አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ላሊበላ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ስትሆን ክብሩ ለሁላችን ቢሆንም፣ መንገዱ ደሴን አልነካም።

በዚህ መካከል ያለውን መጻፍ ይከብዳል። በ1965 እና 66 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ፣ በ1977ም ዳግመኛ ሲመታ፣ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ የመጣው የውጭ ሰው ካሜራና የእርዳታ እህል ይዞ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 መጀመሪያ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያቀረበው ፊልም ብዙ ሕይወት አድኗል፤ የንጉሡንም መንግሥት አናግቷል። ከዚያ ወዲህ ግን የወሎ ስም ሲነሣ በዓለም ፊት የሚመጣው ያ ምስል ብቻ ሆነ። በደርግ ዘመን የውጭ ሰው ከአዲስ አበባ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ጉብኝቱም በመንግሥት ድርጅት እጅ ነበር። ደሴን ለማየት ብሎ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ብዙ አልነበረም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መንገዱ ተከፈተ፤ የግል አስጎብኚ ድርጅቶች ተቋቋሙ። ፊሊፕ ብሪግስ ለብራድት የጻፈው የኢትዮጵያ መምሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣ፤ ሎንሊ ፕላኔትም በ2000 ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ጅቡቲን በአንድ አድርጎ አሳተመ። ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ በሕዝብ አውቶቡስ የሚጓዝ ፈረንጅ ደሴ መናኸሪያ ላይ መውረድ የጀመረው በእነዚህ መጻሕፍት ጊዜ ነው። ለብዙዎቹ ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘው የሚያድሩባትና በነጋታው ወደ ላሊበላ የሚነሡባት ከተማ ነበረች። የመጽሐፉ ጸሐፊ በጥቂት ገጾች ውስጥ አልጋውንና አውቶቡሱን መጻፍ አለበት፤ አይፈረድበትም። የተመደቡት ገጾች ግን የተጓዡን ቀን ወሰኑ። ስለ ደሴ አንድ ገጽ ካለ አንድ ሌሊት፣ ስለ ላሊበላ አሥር ገጽ ካለ ሦስት ሌሊት ይሆናል።

ለውጡ መምጣት የነበረበት ከራሳችን ነው፤ ጥሬ ዕቃው አልጠፋም። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ደሴ አነሳስ ጽፈዋል። የወሎው ተወላጅ ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ዓመት ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ታተመ፤ ስለ ጌታ፣ ስለ ዳና፣ ስለ ጀማ ንጉሥ ከእርሱ የተሻለ የሚነግር የለም። ሁለቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ለዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ የታሰቡ ናቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት ደሴና ኮምቦልቻ ካምፓስ አገኙ፤ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶችም በሁለቱ ከተሞች መካከል ሲመላለሱ ይታያሉ። እነዚህ ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት ምን እንይ ብለው ሲጠይቁ በኪሳቸው የሚይዙት፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ በእግር የሚያዞር አንድ ቀጭን መጽሐፍ ቢኖር ብዬ ብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ።

መጽሐፉ በሌለበት የሚተካው ሰው ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስትወጣ ሐረጎ ላይ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ የነበረው ሙቀት 2,500 ሜትር ሲቃረብ ወደ ጉምና ብርድ ይለወጣል። ጋቢ የያዘ ይከናነባል፤ ያልያዘ እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል። ከጎንህ የተቀመጡት አባት አገርህን ይጠይቁሃል፤ ለማየት መምጣትህን ስትነግራቸው ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ያስረዱሃል፦ ቦርከና ወዲያ፣ ጦሳ ወዲህ፣ አዝዋ ገደል በዚያ በኩል። መናኸሪያ ስትወርዱ የምትሄድበትን ሰፈር ከነገርካቸው «አብሽር፣ እኔም ወደዚያው ነኝ» ይላሉ፤ ባይሆኑም እንኳ እስከ መታጠፊያው ያደርሱሃል። የጸጋ ዘአብ ሥራ ያለ ክፍያና ያለ ሹመት እስከ ዛሬ የሚሠራው እንዲህ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ በሰሜን ኢትዮጵያ የነበረው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። የትግራይ ኃይሎች ከተሞቹን ይዘው ከአንድ ወር በላይ ቆዩ፤ የመንግሥት ጦር ኅዳር 27 ቀን መልሶ ያዛቸው። የ1928ቱ የአውሮፕላን ድብደባ ከደረሰ ልክ 86 ዓመት ከአንድ ቀን መሆኑ ነው። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየም ተዘርፎ ተገኘ። ሆስፒታሉ፣ ፋብሪካዎቹ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ከሰው ሕይወት ጋር ሲነጻጸር የሙዚየም ዕቃ ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አይቀለኝም። ከሙዚየም የተወሰደ ዕቃ ፎቶው፣ ታሪኩና ማን እንደሰጠው የተጻፈበት መጽሐፍ በብዙ ቤት ካለ ይፈለጋል፣ ገበያ ላይ ሲወጣም ይታወቃል። በአንድ አስጎብኚ ቃል ብቻ ሲነገር የኖረ ዕቃ ግን አስጎብኚው ዝም ሲል አብሮ ይጠፋል። የከተማ መምሪያ መጽሐፍ የእንግዳ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን የከተማው የንብረት መዝገብም ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት የውጭ አገር መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ ክልሉ እንዳይሄዱ እየመከሩ ነው። የቀደሙት መምሪያዎች ያመጧቸው ባለ ቦርሳ ተጓዦች ቀርተዋል። እንግዳ ግን አልጠፋም። ለግሸን የሚሄድ፣ ለመውሊድ የሚመጣ፣ ለሠርግና ለልቅሶ፣ ለንግድ፣ ከውጭ አገር ዘመድ ሊጠይቅ የሚገባ አለ። ይህ እንግዳ አማርኛ ያነባል፤ ከዚህ በፊት የወጡት መጻሕፍት አንዳቸውም ግን ለእርሱ አልተጻፉም።

ለእርሱ ቢጻፍ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን በእግር ነው። ጠዋት መድኃኔዓለም፣ ከዚያ አይጠየፍ አዳራሽ፤ የንጉሥ ሚካኤልን ታሪክ በቦታው ማንበብ ከየትም ይበልጣል። ቀጥሎ ሙዚየሙ፣ ተከፍቶ ከተገኘ። ከዚያ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም በተሰየመው በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት በኩል ወደ ፒያሳና ወደ ሸዋ በር፤ አመሻሹን ጦሳ ላይ ወጥቶ ከተማዋን ከላይ ማየት። በሁለተኛው ቀን ሐይቅ እስጢፋኖስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ደርሶ ለምሳ መመለስ ይቻላል፤ ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም እንደማይገቡ መጽሐፉ አስቀድሞ ይንገራቸው። ከሰዓት ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ጌታና በአካባቢው ያለው ከድንጋይ የተፈለፈለ ጥንታዊ አንበሳ። ማግሥቱ ሰኞ የሚውል ከሆነ ኮምቦልቻ አድሮ በማለዳ ወደ ባቲ መውረድ ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ገበያውም የሚደምቀው ፀሐይ ሳይበረታ ረፋዱ ላይ ነው።